በስለቱ ሥር ያለው ስም

አንድ አሮጌ የአሜሪካ ሰንጢ እጄ ሲገባ ዓይኔ በመጀመሪያ የሚያርፈው ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ስለቱ ሲከፈት ብቻ የምትታየው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጠው ያች የብረት ሥር ስም የተመታባት ስለሆነች፣ ሰብሳቢ ሁሉ ምርመራውን የሚጀምረው ከእሷ ነው። ስሙ አንዳንድ ጊዜ ትናንት የተመታ ይመስል ጥርት ብሎ ይነበባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝገትና እርጅና ስለሸረሸሩት፣ መብራቱን ከጎን አስጠግቶ ሰንጢውን ቀስ በቀስ እያዘነበሉ በአጉሊ መነጽር ካላዩት በቀር ፊደሉ አይለይም።

እነዚህን ሰንጢዎች መሰብሰብ የጀመርኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሳበኝ ውበታቸው ነበር፤ እየቆየሁ ስሄድ ግን «ይህን ማን ሠራው?» የሚል ጥያቄ ያዘኝና አልለቀቀኝም። በስለቱ ሥር የተመታው ስም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስላል። በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የሻጩን ወይም የፋብሪካውን ባለቤት ስም ነው። ብረቱን አግሎ የቀጠቀጠው፣ ስለቱን የሳለው፣ ሞላውን በሞረድ እያስተካከለ የገጣጠመው ሰው ስም የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ለእኔ የሰንጢ ታሪክ ማለት ከተጻፈው ስም ተነሥቶ ወዳልተጻፈው ሰው መሄድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በአንድ ሰንጢ ላስረዳ። በፔንስልቬንያ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ባለ ሁለት ስለት ሰንጢ አለኝ። እጀታው ቡናማ ቀለም የተነከረ የከብት አጥንት ነው፤ በአጥንቱ ላይ በመሣሪያ የተቀረጹት ጎድጓዳ መስመሮች፣ መዳፍ ሲያሻቸው በኖረበት በኩል፣ ሟሙተው ለስላሳ ሆነዋል። ትልቁ ስለት ለብዙ ዓመታት ሲሳል ከመኖሩ የተነሣ ወርዱ ግማሽ ያህል ብቻ ቀርቷል፤ ይሁን እንጂ ሲዘጋ ሞላው ዛሬም በኃይል ስቦ ያስገባዋል። በሥሩ የተመታው ስም «ኪን ካተር» የሚል ሲሆን፣ ይህም በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው የሲመንስ ሃርድዌር የንግድ ምልክት ነው። ሲመንስ የብረታ ብረት ዕቃ ጅምላ አከፋፋይ ነበር፤ መጥረቢያውንም መጋዙንም መቀሱንም በዚሁ ስም ይሸጥ ነበር። መሥራቹ ኢ. ሲ. ሲመንስ «ዋጋው ከተረሳ ከረጅም ጊዜ በኋላም የጥራቱ ትዝታ ይኖራል» የሚል መፈክር ነበረው፤ ይህን ሰንጢ በእጄ ይዤ መፈክሩን ሐሰት ማለት አልችልም። ሆኖም ጥራቱን የፈጠሩት የሴንት ሉዊስ ሰዎች አይደሉም። ሲመንስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የዋልደን ናይፍ ካምፓኒን ድርሻ በብዛት ገዝቶ ስለነበር፣ ኪን ካተር የተባሉት ሰንጢዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ከሴንት ሉዊስ እጅግ ርቃ በምትገኘው፣ በኒው ዮርክ ግዛት ባለችው በዋልደን ነው። የእኔም ሰንጢ ቅርጹና የአጥንቱ አቀራረጽ ከዋልደን ሥራዎች ጋር አንድ ነው።

ሲመንስ በዚህ ብቻውን አልነበረም። እዚያው ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሻፕሊ የተባለው ድርጅት «ዳይመንድ ኤጅ» የሚል ምልክት ነበረው፤ በቺካጎ ደግሞ ሂባርድ ስፔንሰር ባርትሌት የራሱን ምልክት እያስመታ ይሸጥ ነበር። ፋብሪካ የሌለው ነጋዴ ለአንድ አምራች ትእዛዝ ይሰጣል፤ አምራቹም የነጋዴውን ስም መትቶ ይልክለታል። በዚህ የተነሣ አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን የገጣጠማቸው ሰንጢዎች በተለያየ ስም ተሽጠው ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ስም የተሸጡትም ከተለያዩ ከተሞች የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዋልደን የዎልኪል ወንዝ ፏፏቴ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፤ ፋብሪካዎቹን ወደዚያ የሳበውም የውኃው ጉልበት ነው። ኒው ዮርክ ናይፍ ካምፓኒ በ1852 ማተዋን በተባለች ቦታ ተቋቁሞ በ1856 ወደ ዋልደን ተዛወረ። ሙያው ግን የመጣው ከሩቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካዊ ኪስ ውስጥ የሚገኘው ጥሩ ሰንጢ በአብዛኛው ከእንግሊዝ አገር ከሼፊልድ የመጣ ነበር፤ የሼፊልድ ባለሙያዎችም ባሕር ተሻግረው በመጀመሪያ በኮኔቲከት ግዛት እንደ ዋተርቪል ባሉ ቦታዎች፣ ቀጥሎም በዋልደን ሰፈሩ። የኒው ዮርክ ናይፍ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ብራድሊ ራሱ በ1844 ሼፊልድ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ በቻንስለርስቪል ውጊያ ላይ፣ ለጓዶቹ ጥይት የሚያመጣ ሰው ሲጠየቅ በፈቃዱ ወጥቶ በከባድ ተኩስ መካከል ብቻውን ሄዶ በማምጣቱ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። ከ1903 እስከ 1913 ድረስም የኮንግረስ አባል ሆኖ አገልግሏል። የድርጅቱ ምልክት መዶሻ የጨበጠ ክንድ ነበር። በ1911 የመጀመሪያውን የአሜሪካ ቦይ ስካውት ይፋዊ ሰንጢ የሠራውም ይኸው ፋብሪካ ነው።

ከዚሁ ፋብሪካ ወጥተው የራሳቸውን ሥራ የጀመሩ ባለሙያዎች በ1870 ገደማ የዋልደን ናይፍን መሠረት ጣሉ። በ1904 ደግሞ ጆርጅ፣ ሉዊስና ዊልያም ሽሬድ የተባሉ ወንድማማቾች በዚያችው ከተማ ሽሬድ ካትለሪን አቋቋሙ። ጆርጅ ሽሬድ ቁልፉ ሲጫን ስለቱ በራሱ ተፈናጥሮ የሚከፈት ሰንጢ የፈለሰፈ ሰው ነው፤ ለዚህም በ1890ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብት አግኝቷል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሦስት ሰንጢ ፋብሪካዎች ሲኖሩ ሠራተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው መዘዋወሩ አይቀርም። የሦስቱን ሰንጢዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የአንድ ቤተሰብ ልጆች የሚመስሉኝም ለዚህ ይመስለኛል።

የእነዚህ ፋብሪካዎች ዕድገት ያለ ቀረጥ ፖሊሲ ሊገባን አይችልም። በ1890 የወጣው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ፣ ኋላም በ1897 የወጣው የዲንግሊ ሕግ ከእንግሊዝና ከጀርመን በሚመጡ ሰንጢዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣሉ። ለአሜሪካ አምራቾች ገበያውን የከፈተላቸው ይህ ነው። የማኪንሊ ሕግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበትም ስላዘዘ፣ ለእኛ ለሰብሳቢዎች ሳያስበው አንድ ውለታ ውሎልናል። በሥሩ ላይ «እንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል የተመታበት ሰንጢ በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ የመጣ መሆኑን በዚህ እናውቃለን። የሕጉ ግፊት አስመጪዎችን አምራች አድርጓል። አዶልፍ ካስተር የተባለ ከጀርመን የፈለሰ ነጋዴ ለብዙ ዓመታት የጀርመን ሰንጢ ወደ ኒው ዮርክ ሲያስገባ ከኖረ በኋላ፣ በ1902 በካሚለስ መንደር የነበረውን ፋብሪካ ገዝቶ፣ ከአገሩ ሠራተኞች አስመጥቶ ራሱ ማምረት ጀመረ። ስለዚህ የዋልደን ሰንጢ የሼፊልድን እጅ ሲያሳይ፣ ካሚለስ ደግሞ የጀርመንን እጅ ይዞ ተነሣ። ንጹሕ አሜሪካዊ ተብሎ በኩራት የሚያዘው ዕቃ የስደተኞች ሥራ መሆኑ እኔን ስደተኛውን ልዩ ደስታ ይሰጠኛል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብረቱ ግሎ በመዶሻ ይቀረጻል፤ ከዚያ እንደገና ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ በማድረግ ይጠነክራል፤ ጠንክሮ እንዳይሰበርም በልኩ ይሞቃል። ቀጥሎ የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ይሞረዳል። ይህ የሳዮች ሥራ ከሁሉ የከፋው ነበር፤ የድንጋዩና የብረቱ ብናኝ ሳንባ ውስጥ እየገባ በሼፊልድ ብዙ ሳዮችን በወጣትነታቸው ገድሏል። በአሮጌ ስለት ላይ፣ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ከጀርባው ወደ አፉ የሚወርዱ ቀጫጭን የድንጋይ ጭረቶች ሲታዩኝ ደስታዬና ኀዘኔ አብረው ይመጣሉ። ደስ የሚለኝ ስለቱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ማንም በማሽን እንዳልወለወለው ስለሚያረጋግጡልኝ ነው። የሚያሳዝነኝ ደግሞ እነዚያን ጭረቶች ለመተው አንድ ሰው ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብሎ ብናኙን ሲስብ መዋሉ ነው።

ከሁሉም ግን የገጣጣሚው ሥራ ይመስጠኛል። ሰንጢ ከጥቂት ነገሮች የተሠራ ነው። ስለቱ፣ የጀርባው ሞላ፣ ከውስጥ የናስ ወይም የብረት ላሜራዎች፣ ከውጭ አጥንቱ፣ በጫፎቹ ላይ ከመዳብ፣ ከዚንክና ከኒኬል ቅይጥ የተሠሩት ነጫጭ መሸፈኛዎች፣ እነዚህን ሁሉ ሰፍተው የያዙ ሪቬቶች ናቸው። ገጣጣሚው የስለቱን ሥርና ሞላውን ደጋግሞ ይሞርዳል፤ ስለቱ ክፍት ሲሆንም ሲዘጋም የሞላው ጀርባ ከላሜራዎቹ ጋር ሳይወጣ ሳይወርድ እኩል እስኪሆን ድረስ ይሞክራል። ጥፍርን በጀርባው ላይ ሲያሳልፉት አንዳች ነገር ካልያዘው ሠሪው ሙያውን የሚያውቅ ነበር ማለት ነው። ድምፁም ይናገራል፤ በደንብ የተገጠመ ስለት ሲከፈትም ሲዘጋም ጠቅ ይላል፤ ያልተዋጣለት ግን ድምፁ ይታፈናል። ይህን ልክ በቁጥር ጽፎ ለሌላ ማስተላለፍ አስቸጋሪ ነው፤ ጀማሪው ከነባሩ ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ነበር የሚማረው።

እጀታው የራሱ ታሪክ አለው። የከብት ቅልጥም ይሰነጠቃል፣ ይጸዳል፣ የአጋዘን ቀንድ እንዲመስል በማሽን ይቀረጻል፣ ከዚያ ቀለም ይነከራል። በኮኔቲከት ሮክፎል የነበረው ሮጀርስ የተባለ ድርጅት ለብዙ ሰንጢ ፋብሪካዎች የተቀረጸ አጥንት ያቀርብ ስለነበር ሰብሳቢዎች ያንን አቀራረጽ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። የሮበሰን ፋብሪካ ቀይ አጥንት «እንጆሪ» በሚል ቅጽል ይታወቃል፤ በእኔ ዓይን ከአሜሪካ አጥንቶች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በ1960ዎቹ ፋብሪካዎች ወደ ፕላስቲክ ሲዞሩ ሰንጢው ጠንካራነቱን አላጣም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ሰንጢ ከወንድሙ የሚለየው የአጥንቱ ጅማትና የቀለሙ ጥልቀት አብሮ ጠፋ።

ከዚያ በፊት በሰፊው የተለመደው ሌላው ቁስ ሴሉሎይድ ነው። ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር የሚሠራ ስለሆነ የማር መልክም፣ የዕንቁ መልክም ሊሰጡት ይቻላል፤ ውበቱ አያጠያይቅም። ሲያረጅ ግን ይፈራርስና አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ሰንጢ ሁሉ በዝገት ይበላል። አዲስ ሰብሳቢ ከእኔ አንድ ምክር ብቻ ቢቀበል የምመርጥለት ይህን ነው፤ ሴሉሎይዱን ከሌሎቹ ለይተህ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጥ።

ዕድሜን በመለየት ረገድ በፔንስልቬንያ ብራድፎርድ የሚገኘውን የኬዝን ያህል ለሰብሳቢ የተመቸ አምራች የለም። በሥሩ ላይ «ኬዝ ኤክስ ኤክስ» ብቻ ካለ ሰንጢው ከ1940 እስከ 1964 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። በ1965 «ዩ ኤስ ኤ» የሚለው ተጨመረ። በ1970 ከስሙ ሥር አሥር ነጥቦች ተመቱ፤ ከዚያም በየዓመቱ አንድ ነጥብ እየተቀነሰ በ1979 አንድ ብቻ ቀረ። የሞዴል ቁጥሩም የሚነበብ ነው፤ 6254 በሚለው ቁጥር 6 አጥንት መሆኑን፣ 2 የስለቶቹን ብዛት፣ 54 ደግሞ ቅርጹን ያመለክታል። ይህን የመሰለ ሥርዓት ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ነጥቡን ቆጥሮ ዓመቱን ካወቀ በኋላ ምርመራውን የሚያቆም ሰብሳቢ ብዙ ነገር ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሬሚንግተንና ስለ ዊንቸስተር በአጭሩ ላንሣ፤ ስለ እነሱ ሌሎች አብዝተው ስለሚያወሩ እኔ መጨመር አያስፈልገኝም። ሁለቱም የጠመንጃ አምራቾች ናቸው፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የጦር ትእዛዝ ስለቆመ ወደ ሰንጢ ዞሩ። ዊንቸስተር በ1919 ሁለት ነባር ፋብሪካዎችን ገዛ፤ ሬሚንግተን በ1920 ማምረት ጀመረ። በእጀታቸው ላይ የጥይት ምልክት ያለባቸው የሬሚንግተን ሰንጢዎች ዛሬ ከፍተኛ ዋጋ ያወጣሉ። ሬሚንግተን በ1940፣ ዊንቸስተር በ1942 ሥራውን አቆሙ። ሰንጢዎቻቸው ግሩም ናቸው፤ ነገር ግን የዋጋቸው ትልቁ ክፍል የሚከፈለው ለጠመንጃው ስም ስለሆነ እኔ በዚያው ገንዘብ የዋልደን ሥራዎችን መግዛት እመርጣለሁ።

ስም ይህን ያህል ዋጋ ካለው አስመሳይ መምጣቱ አይቀርም። የርካሽ ሰንጢን ስም በሞረድ አጥፍተው የታወቀ ስም የሚመቱበት አሉ። ሥሩ ስለተሞረደ ይሳሳል፤ በእሱና በላሜራው መካከል የማይገባ ክፍተት ይታያል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የምወስደው ግን ከዝገቱ ነው። ፊደሉ በፋብሪካ የተመታ ከሆነ ዝገት በኋላ የመጣ ስለሆነ ጉድጓዶቹ ፊደሉን ቆርጠው ያልፋሉ። ፊደሉ የዝገቱን ጉድጓድ አቋርጦ በንጽሕና ከታየ ግን ስሙ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው። ስለቱ በመሳል ብዛት ተመናምኖ ሳለ ማኅተሙ ብቻ አዲስ የሚመስል ሰንጢም ሊያጠራጥር ይገባል። አሮጌ ሰንጢን በማሽን መወልወልን አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው፤ ንጽሕና እየመሰለ ማስረጃውን ሁሉ ያጠፋል።

የሠሪው ስም አለመጻፍ ለምን ይህን ያህል እንደሚከነክነኝ ሳስብ መነሻው ከአገር ቤት እንደሆነ ይገባኛል። በእኛ አገር ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን ቢላዋና ማጭድ የሠራው ቀጥቃጭ ስሙ በሥራው ላይ አልሰፈረም፤ ይባስ ብሎም «ቡዳ» እየተባለ ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልሎ ኖሯል። ዕቃውን ሁሉም ይፈልገው ነበር፤ ሰውየውን ግን አራቀው። የአሜሪካው ባለሙያ እንዲህ ያለ ንቀት አልደረሰበትም፤ እሱን ያጠፋው የፋብሪካው ስም ነው። ቢሆንም ለአሜሪካው ሠራተኛ መዝገብ መኖሩ የእኔን ፍለጋ የሚቻል አድርጎታል።

ከመዝገቦቹ ዋነኛው የሕዝብ ቆጠራ ነው። የ1880 የአሜሪካ ቆጠራ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የትውልድ አገር፣ የአባቱንና የእናቱን የትውልድ አገር ሳይቀር ይዟል። ሰንጢ በሚሠራባት መንደር ገጾች ውስጥ ሲገቡ በሥራ ዓምድ ላይ «ሰንጢ ፋብሪካ ይሠራል» የሚል ጽሑፍ ቤት ለቤት ይደጋገማል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አባትና ልጅ አብረው ይገኛሉ። አባቱ እንግሊዝ ተወልዶ ልጁ ኮኔቲከት ከተወለደ ቤተሰቡ በየት በኩል እንደመጣ ከሁለት መስመር ይነበባል። የሚያሳዝነው ለዚህ ታሪክ እጅግ አስፈላጊ የነበረው የ1890 ቆጠራ፣ ቀረጡ ገበያውን በከፈተበት ጊዜ የተመዘገበው፣ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ አብዛኛው ወድሟል። የኒው ዮርክ ግዛት በ1892ና በ1905 የራሱን ቆጠራ ማካሄዱ፣ የአንዳንድ አውራጃዎች መዝገብ ቢጠፋም፣ ክፍተቱን በከፊል ይሞላዋል። ከቆጠራው ጋር የፈጠራ መብት ሰነዶችንና የከተማ አድራሻ መዝገቦችን ሳስተያይ አንድን ሰንጢ ከአንድ ሰው ጋር ማገናኘት ባልችልም፣ ያ ሰንጢ በተሠራባቸው ዓመታት በዚያ ፋብሪካ ውስጥ እነማን እንደነበሩ በስም ለማወቅ እቃረባለሁ። ለየሰንጢው በማዘጋጀው ካርድ ላይ ከማኅተሙና ከዘመኑ ቀጥሎ ያገኘኋቸውን የሠራተኞች ስሞች እጽፋለሁ።

ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ኒው ዮርክ ናይፍ በ1931፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ተዘጋ። ሽሬድ በ1940ዎቹ ለባየር ወንድማማቾች ተሽጦ ኋላም ከዋልደን ወደ ኤለንቪል ከተዛወረ በኋላ በ2004 በድንገት ሥራ አቆመ፤ ካሚለስ በ2007 ተከተለው። ስሞቻቸው ግን ተሸጡ፤ ዛሬ በሽሬድና በካሚለስ ስም ቻይና ውስጥ የተሠሩ ሰንጢዎች ገበያ ላይ አሉ። ስም ከሠሪው ተለይቶ መኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በሌላ በኩል በ2006 በፔንስልቬንያ ቲተስቪል የተቋቋመው ግሬት ኢስተርን ካትለሪ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮኔቲከት ውስጥ የነበረውን የኖርዝፊልድን ስም በሰንጢዎቹ ላይ ይመታል። እሱም የተወረሰ ስም ነው፤ ይሁን እንጂ ስለቱ በጥንቱ ዓይነት ብረት፣ እጀታው በተቀረጸ አጥንት፣ መገጣጠሙም በሰው እጅ ስለሚሠራ እኔ እገዛዋለሁ፤ አከብረዋለሁም።

አሁን ትልቁ ምኞቴ የኤለንቪልንና የካሚለስን ሠራተኞች ይመለከታል። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ በሥራ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የሚኖሩትም በአብዛኛው እዚያው አካባቢ ነው። ድምፅ መቅጃ ይዞ በየቤታቸው ሄዶ የትኛው ክፍል ውስጥ ትሠሩ ነበር፣ የትኛውን ሞዴል ገጣጠማችሁ፣ ሞላውን ማስተካከል ያስተማራችሁ ማን ነበር፣ እሱንስ ማን አስተማረው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ቢወስድ በ1905 ቆጠራ ላይ ካለ ስም ጋር ሊገናኝ ይችላል።